ያለ ሰዓቱ ያረዳሁህ መርዶ

ካላክላ፣ ካርቱም፣ የካቲት 2015 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ቢልልኝ፣

እዚያ ባሕሪ ከተማ የጋራዡ ሥራ እንዴት ይዞሃል? ልደውልልህ ሦስቴ ጀምሬ ተውኩት። «ደኅና ነህ?» ስትለኝ «ደኅና ነኝ» ብዬ እንደምሸሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ጻፍኩ፤ ጓደኛችን ተውፊቅ ያደርስልሃል።

መጠጥ ካቆምኩ አራት ወር ሆነኝ። ከዚያ ወዲህ ራሴንም ጎድቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ «እሰይ» ይለኛል፤ እኔ ግን እሰይታው አልዋጥ ብሎኛል።

ምክንያቱ ያ የመስከረሙ ረቡዕ ነው። የእናትህ መርዶ ከአገር ከመጣ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። ካርቱም ሠላሳ ዓመት የኖሩት እትዬ ሙላቷ የሰፈራችንን አበሻ ሰብስበው፣ «ዓርብ ሥራ የለም፤ ሊነጋጋ ሲል ሁላችንም ባለንበት ልጁ ይረዳል። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትሉ!» አሉ። ያኔ አብሬህ የምኖረው እኔ ስለሆንኩ ለብቻዬ ጠርተው «ፍሰሐ ልጄ፣ አደራ፣ አፍህን ያዝ» አሉኝ። እኔንም ብሎ አደራ ተቀባይ!

አንተ ምንም ሳታውቅ ከሥራ ገባህ፤ የደበቅኩትን ጀሪካን አገኘህ። የቴምር አረቄዬን ግቢው ላይ ደፋኸውና «ኸላስ፣ ያ ዞል! በቃ፣ አንተ ሰው፣ ይሄ ነገር ሊገልህ ነው» አልከኝ። ደሜ ፈላ። «የኔን አረቄ ከምትደፋ ለሞተችው እናትህ አታለቅስም?» አልኩህ።

ባዶውን ጀሪካን እንደያዝክ ቆመህ ቀረህ። የሚደግፍህ ሽማግሌ አልነበረም። ፊትህ የነበረው አንድ ሰካራም ብቻ ነው።

ዓርብ ለቅሶው ላይ እትዬ ሙላቷ «ማን ነው ቀድሞ የነገረህ?» ብለው ሲቆጡ «ከአገር ደውለው ነው» አልካቸው። እኔም አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። የዚያ ዝምታ ጸጸት አላስቀምጥ ቢለኝ በዚያው ሰሞን ራሴን ጎዳሁ። ያገኘኸኝም አንተው ነህ። ሐዘንተኛ ይጽናናል እንጂ ሌላውን ያስታምማል? አንተ ግን ከተውፊቅ ጋር እየተፈራረቅክ ወር ሙሉ ጠበቅከኝ። ስንቀጠቀጥ ሾርባ ታጠጡኝ ነበር። ስሳደብ ደግሞ ተውፊቅ «ስድቡ ከተመለሰለትማ ይድናል፣ ኢንሻአላህ» እያለ ያስቅህ ነበር።

ባለፈው ዓርብ እትዬ ሙላቷ ቤት፣ ሰው ሁሉ ባለበት ቆምኩ። «ቢልልኝ የዋሸው ለኔ ብሎ ነው። መርዶውን በስካር የነገርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ይገባኛልም። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ይሁን። ለመሆኑ ልጁ አልቅሷል?» ብለው ጠየቁ።

ተውፊቅ እኔን አየኝ፣ እኔ መሬት አየሁ። አንተ ለቅሶው ላይ ለእንግዳ ወንበር ስታቀርብ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ እኔን ስትጠብቅ። አንድ ቀን እንኳ ስታለቅስ ያየህ ሰው የለም።

ቢልልኝ፣ አፌ ያጠፋው አንሶ ሐዘንህንም ወሰድኩብህ። ይቅር በለኝ። ይቅርታው ዛሬ ካልመጣልህም አትጨነቅ፤ እኔን አታባብለኝ።

በመጪው ዓርብ ከተውፊቅ ጋር እንመጣለን። ወንበር አታቅርብልን። ደኅና መሆኔንም አትጠይቀኝ። አንተ ቁጭ በልና እናትህን አልቅስ፤ እኔ እይዝሃለሁ። አሁን እጄ አይንቀጠቀጥም።

የበደለህ ወንድምህ፣
ፍሰሐ