መርዶውን ሲነግሩህ

ይድረስ ለልጄ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? የመተማ ሙቀት እንዴት አደረገህ? ወባውስ ዘንድሮ ማረህ? ከሰኔ ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም። እኔን ካልክ ቆሜ እሄዳለሁ። አባትህና እናትህም አሉ። መንገዱ ተከፍቷል፤ ስልክ ግን ገና ስላልተለቀቀ ይህን ለጎረቤታችን ለረሂማ ወንድም ሰጠሁት። ለሥራ ወደዚያው ሊመጣ ነው።

ስለ ልጃችን ስለ ስዩም ሳልጽፍ በመቆየቴ ልብህ ደንግጦ ይሆናል። ስዩም የለም። ነሐሴ ላይ ቀበርነው።

አባትህ እንዳልጽፍልህ ለምነውኝ ነበር። መርዶ በወረቀት አይላክም፣ ልጄ በሰው አገር ብቻውን እንዳይሰማ አሉኝ። ለገና ስትመጣ ሽማግሌዎቹ መርሳ ከተማ ላይ ተቀብለው ዘመድ ቤት ያሳድሩህና ጎህ ሲቀድ ይነግሩሃል። የሚሉህም ታሞ ሞተ ነው። እኔ ደግሞ እንዴት እንደሞተ እንድታውቅ እፈልጋለሁ።

አንተ እንደሄድክ ጡት አስጣልኩት። ለምን እንደሆነ አይጠፋህም። እናትህ የእርጉዝ ጡት ልጅ ያመነምናል አሉኝ፤ እናቴም የምትለው ይህንኑ ስለነበር እሺ አልኩ። የላሟን ወተት ይጠጣል ብለን ነበር። ጦርነቱ ሲደርስ ላሟ ከነጥጃዋ ተነዳች። ልጁ ሽሮ ፍትፍትና የወንዝ ውሃ ላይ ወደቀ። ተቅማጥ ሲይዘው እናትህ ጥርስ ሊያወጣ ነው አሉ፤ ጠበቅን። የጤና ኬላዋ ሂሩት ሸሽታለች። በኋላ ረሂማ ከወንዙ ወዲያ ግራና ከተማ ላይ አንዲት ነርስ ቤቷ ውስጥ ተደብቃ ታክማለች ሲባል ሰምታ ተነሺ አለችኝ።

ወንዙ ሞልቶ ነበር። እስኪጎድል ዳር ላይ ቁጭ አልን። ስዩም ሲነጫነጭ ቆይቶ ጀርባዬ ላይ ዝም አለ። እንቅልፍ ወሰደው ብዬ ደስ አለኝ። ረሂማ ናት እጁን ነክታ ቀስ አድርጋ ያወረደችልኝ። ውሃው የጎደለው ከዚያ በኋላ ነው።

በበጋ ያንን ወንዝ ተራምደኸው ታልፋለህ። ቤታችንን ከማዶ ስትሠራ ለእርሻው ቅርብ ነው ብለኸኝ ነበር። እውነትህን ነው፣ ለበሬዎቹ ቅርብ ነው።

እናትህን አልወቅሳቸውም። ጥርስ ነው ያሉበትን አፋቸውን በእጃቸው ሲመቱ አይቻለሁ። በሆዴ ያለው ይህኛው ግን መጋቢት ላይ ይወለዳል፣ ወዲያው ክረምት ይገባል። ከዚያ በፊት ከወንዙ ወዲያ መርሳ አንድ ክፍል ቤት ካልተከራየን ልጄን ይዤ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ። አስፈራራችኝ አትበል፤ ፈርቼ ነው። ስትመጣ ቤቱ በለቀስተኛ ስለሚሞላና አባትህ ፊት እምቢ ማለት ስለማይሆንልህ፣ አሁን ብቻህን ሆነህ አስብበት።

ሲነግሩህ ግን ምንም እንዳልሰማህ ሁን። አባትህ እንዴት ብዬ ልንገረው እያሉ ከነሐሴ ጀምሮ ሲጨነቁ ከርመዋል፤ አታሳፍራቸው። እኔም ከሴቶቹ መሀል ሆኜ እንደ አዲስ አብሬህ አለቅሳለሁ።

መድኃኔዓለም በሰላም ያግባህ፤ ልብህን ያጽናልህ። ይህን አንብበህ ቅደደው።

የስዩም እናት