ከገጽህ ላይ የጠፋው ነፍስ ይማር

ለወንድም ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትህ? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? ከማስተማር ከታገድህ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ትቀመጣለህ ብለውኛል፤ መቀመጥ ደግሞ ለወገብ ጠላት ነው። እማዬ ዓይኗን ታከመች ወይ? ልጅህ ሚጢስ ቁመቷ የት ደረሰ፣ ትከሻህን አለፈች? እኔ ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም ይባል ነበር፤ ዘንድሮ ግን ከመናፈቄ ይልቅ መፍራቴ ይብሳል።

በመጨረሻው ደብዳቤህ፣ አንቺ የዚህን ነገር ጓዳ ታውቂዋለሽ፤ ገጼን ከፍቶ ጽሑፌን ያጠፋው ማነው ብለህ ጠይቀኸኛል። ሚስትህን እንደጠረጠርካት፣ እሷም ልብሷን ሸክፋ እናቷ ቤት እንደገባች ጨምረህ ጽፈሃል። እመልስልሃለሁ። በስልክ ያልነገርኩህ በስልክ የተባለ ነገር የት እንደሚያድር ስለማውቅ ነው። ደግሞ በወረቀት ሲሆን ማቋረጥ አትችልም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ማቋረጥ ትወዳለህ።

ሥራዬ ትርጉም ነው ብዬህ ነበር። ውሸት አይደለም፤ ግማሹን ነው የነገርኩህ። የምውለው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ የማይከፈት ክፍል ውስጥ ነው። አሥራ ሁለት ጠረጴዛ አለ፤ የእኔ ወንበር መደገፊያው የተሰበረ ነበር። እንዳንተ ለሰው መብት የሚጮኹ ሰዎችን፣ በአገራቸው ማስፈራሪያ ሲበዛባቸው ከነቤተሰባቸው ለአንድ ዓመት የሚያስጠጋ ድርጅት አለ። ከመጋበዙ በፊት በማኅበራዊ ሚዲያ የጻፉትን ሁሉ ወደ እኛ ይልካል፤ እኛም የአምስት ዓመቱን አንድ በአንድ እናነባለን። ልቡ ከታጣቂና ከቦምብ አፈንጂ ጋር የሆነ ሰው እንዳያመልጥ ነው። ንጹሕ ከሆነ አረንጓዴ፣ ጥያቄ ካለበት ቢጫ፣ ከከፋ ቀይ እንሰጣለን። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ብትል አልከራከርህም። የመኖሪያ ፈቃዴ የተንጠለጠለው ግን በዚሁ ለቀማ ላይ ነው።

ፋይሉ ስሙ ተሸፍኖ በቁጥር ነው የሚመጣው። ያንተን ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ለየሁት። ቤት ስለፈረሰባቸው ሰዎች ስትጽፍ "እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ" ብለህ ትጀምርና አሥር ነገር ትጠይቃለህ። ብቻዬን ሳቅሁ። ዘመዱን ያገኘ አንባቢ ፋይሉን ወዲያው መመለስ አለበት፤ ደንቡ ነው። አልመለስኩም። እኔ እያለሁለት ማን ይነካዋል አልኩ።

ከዚያ መካኒኩ ጋ ደረስኩ። ያ ብስክሌት ያስተማረህ ጎረቤታችን፣ ኋላ ጫካ ገብቶ መናኸሪያው ላይ ቦምብ ያፈነዳው። ተገድሎ ፎቶው ሲወጣ ከሥሩ "እኔ ሳውቀው ደግ ሰው ነበር፤ በሠራው ፈጣሪ ይፍረድበት፤ ነፍሱን ይማር" ብለህ ጽፈሃል። እኛ ዘንድ ይህ ቢጫ ነው። ቢጫ አይገድልም፤ ባለቤቱ ተጠርቶ ያስረዳል፣ አብዛኛው ያልፋል። እኔ ግን ቢጫም እንዲነካህ አልፈለግሁም። ምክንያቱን ሳልነግርህ ደውዬ አጥፋው ብልህ፣ ያለቀስኩትን ለቅሶ ፈርቼ አልመልሰውም፤ እናቱ እያየችው ነው አልከኝ። ጀግና! ከትምህርት ቤት ጀምሮ አንተ ጀግና በሆንክ ቁጥር የምገረፈው እኔ ነበርኩ።

ገጹን ድሮ የከፈትኩልህ እኔ መሆኔን ረስተሃል። የይለፍ ቃሉ የሚጢ የልደት ቀን ነው፤ እስከዛሬ አልቀየርከውም። በምሳ ሰዓት መጸዳጃ ቤት ቆሜ፣ በስልኬ ገብቼ አጠፋሁት። እኔ ነኝ። ሚስትህ አይደለችም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። ሌላ ክፍል ያሉ ሰዎች ከሳምንት በኋላ ገጹን ቀድሞ ከተቀዳው ጋር እንደሚያስተያዩት አላውቅም ነበር። የጠፋ ነገር ከተገኘ ባለቤቱ ደብቋል ይባላል፤ የደበቀ ደግሞ ያምንበታል ይባልና ቀይ ይሰጠዋል። ድርብ መነጽር የምንለው ባልደረባዬ ወረቀቱን ይዞልኝ መጣ። አየሽው ይሄን ተንኮለኛ፣ ባይነካው ኖሮ እኮ ያልፍ ነበር እያለ ይስቃል። ሁለተኛ ፊርማ ይፈልግ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብል ከሥራውም ከአገሩም እባረራለሁ። ከራስ በላይ ነፋስ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ፈረምኩ።

ቀዩ እዚያው ከእኛ ፋይል ውስጥ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ትምህርት ቢሮህ ድረስ እንደሚሄድ ያወቅሁት አንተ ስትታገድ ነው። በዚያው ሰሞን አለቃችን ጥሩ ዓይን አለሽ ብሎ ወንበሬን ቀየረልኝ። የአሁኑ መደገፊያው ሙሉ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ቀይ የተሰጠው ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። ጽሑፉን ያጠፋው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ያ ሰው በእጁ ጽፎ ካመነ ቀዩ ይነሳል። እንዲህ ያለ ወረቀት ማለት ነው፤ ይሄ አሁን የያዝከው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አራተኛው ይኸው።

ሚስትህን መልሳት። እናቷ ደጃፍ ድረስ ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት። ይቅርታ መጠየቅ መቼም አታውቅበትም፤ እኔም አላውቅበትም፤ የአንድ እናት ልጆች ነን።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ይህን አትንገራት፤ ልጄ ተርጓሚ ናት እያለች ትኑርበት። ሚጢን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝና የይለፍ ቃሉን ቀይረው። የመካኒኩን እናት መንገድ ላይ ካገኘሃት እንደምን አሉ በልልኝ፤ ሌላ አትጨምር። ለሚስትህ ሰላምታ ለመላክ አፍ የለኝም፤ አንተው የመሰለህን በላት።

ታናሽ እህትህ

ከአራተኛ ፎቅ፣ የይግባኝህ ሠላሳ ቀን ባለቀ ማግስት ተጻፈ።