በአውራ ጣቴ ስለጸደቀው የተማሪዎች ኑሮ ዕቅድ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ሕይወትና ድጋፍ ዕቅድ ኃላፊ፣ ለዶክተር ማቲዎስ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ጉልበትዎ ሳይደክም፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ ከቢሮዎ እስከ መኪናዎ ያለችውን መንገድ በሰላም እየተመላለሱ እንዲያገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከየካ በላይ፣ እንጦጦ ጋራ ላይ ገብስና ድንች እየዘራሁ ሰባ ስድስት ዓመት የኖርኩ፣ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ። ቃሌን የምትጽፍልኝ ወረዳው በር ላይ ማመልከቻ የምትጽፈው ወይዘሮ ሥርጉት ናት። አንዳንዱን ቃል ላለስልሰው ብላኝ ነበር፤ እንዳለ ጻፊው አልኳት።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ልግለጽ። ባለፈው ጥቅምት የማኅበረሰብ ተወካይ ብላችሁ፣ የአምስት ዓመቱን ዕቅድ እንድሰማ ከጋራው አውርዳችሁ ለስላሳ ወንበር ላይ ስላስቀመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ባለሙያችሁ አቶ ፊራኦል ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራ ሲያስረዳን ግማሹን በእንግሊዝኛ ስለተናገረ፣ ያልገባኝ ግማሹ ብቻ ነው። እኔም እጄን አውጥቼ፣ የከተማ ልጆች ናችሁ ተብለው መኝታ የተከለከሉት ተማሪዎች የት እንዲያድሩ እንደታሰበ ጠየቅኩ። እርስዎም በትሕትና «አባታችን፣ እንደ ግብዓት ወስደነዋል» አሉኝ። ወዴት እንደወሰዳችሁት እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ከዚያ ወረቀት ዞረ። ምንድን ነው ብል፣ መገኘትዎን ለመመዝገብ ነው ተባልኩ። መፈረም ስለማልችል ከሒሳብ ክፍል ቀለም አስመጣችሁልኝና አውራ ጣቴን አተምኩ። ጣቴን የጠረጋችሁበትን ሶፍት ሳይቀር አስታውሳለሁ፤ መስተንግዷችሁ እንከን አልነበረውም።

የልጄ ልጅ ጵርስቅላ እናንተው ዘንድ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። በጥር ወር መኝታ እንዲሰጣት ለማመልከት ቢሮዎ ስትመጣ፣ እርስዎ የዕቅዱን የመጨረሻ ገጽ ገልጠው «ዕቅዱን በሙሉ ድምፅ የደገፉ» ከሚለው ርዕስ ሥር የእኔን ጣት አሳዩአት። የከተማ ተማሪ መኝታ እንደማያስፈልገው አያትሽ ራሳቸው ተስማምተዋል ብለው መለሷት። ማታ ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ «አባባ፣ እርስዎ ነዎት የፈረሙብኝ?» አለችኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ሰው በምስክርነቴ አልተጎዳም ነበር፤ ይህንን ስላሳያችሁኝም አመሰግናለሁ። ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ። ቤታችን የካ ክፍለ ከተማ ስለሆነ ቅርብ ነው ተብሏል። አቶ ፊራኦል ካርታ ላይ በማስመሪያ ለክቶ አምስት ኪሎ ሜትር አግኝቷል፤ ለአሞራ ትክክል ነው። ማስመሪያው ገደሉንና ወንዙን አላየም። ልጅቱ በባሕር ዛፉ መካከል ወርዳ፣ ላምበረት ታክሲ ተሰልፋ፣ መገናኛ ሌላ ታክሲ ተሰልፋ ክፍል ስትደርስ ከቤት ከወጣች ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏታል። ማታም ያንኑ ዳገት ትወጣዋለች። ባለፈው ሰኔ ወንዙ ሞልቶ ፈተና አመለጣት፤ የወንዝ ሙላት በመመሪያው ላይ እንደ ምክንያት ስላልተጠቀሰ ዜሮ ተሰጣት። የምትማረው ደግሞ ቅየሳ ነው። እናንተው ባስተማራችኋት ትምህርት መንገዱን ከነዳገቱ ለክታ በወረቀት ብታመጣላችሁ፣ ባለሙያው ማስመሪያውን አመነ። ለትምህርታችሁ ያላችሁ ግምት ይህ ከሆነ እኔ ምን አገባኝ።

፪ኛ። በዕቅዱ ቅደም ተከተል አንደኛው ባለ ቅስት በር ነው፤ ሁለተኛው ከሩቅ የሚያበራ የስም ጽሑፍ ነው፤ የከተማ ልጆች መኝታ አሥራ አራተኛ ነው። ዕቅዱ የአምስት ዓመት ሆኖ ሳለ በሩ በአራት ወር አልቋል፤ ስንፍና አለባችሁ የሚል ሰው ቢኖር እኔ እሟገተዋለሁ። ጽሑፉም እኛ ጋራው አናት ላይ ድረስ ይታያል። ማንበብ ለማይችል ሰው ይህን ያህል ማሰባችሁ ልቤን ነክቶታል።

፫ኛ። ድጋፍ አልተደረገላትም ብዬ አልዋሽም። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ሲጥላት ታይቶ ወደ ምክር ክፍል ተልካለች፤ እዚያም በረጅሙ ተንፍሺ ተብላለች። ክቡር ሆይ፣ እኛ የምንኖረው እንጦጦ ላይ ነው፤ አየር ሞልቶናል።

፬ኛ። በስብሰባው ዕለት ግቢውን ስታስጎበኙን፣ ከሴቶቹ መኝታ ጫፍ አልጋ የተነጠፈባቸው ስድስት ክፍሎች ተቆልፈው በመስኮት አየሁ። ለእንግዳ ነው ተባልኩ። ጵርስቅላ እንደምትነግረኝ እስከ ዛሬ አልተከፈቱም። እንግዳ ማክበር የእኛም ወግ ነው፤ ነገር ግን ላልመጣ እንግዳ ብለን የቤት ልጅ ደጅ አናሳድርም።

አሁን ደግሞ ያው ጣቴ ለሌላ ወረቀት ተፈልጓል። ጵርስቅላ ሰለቸኝ ብላ ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ ይዛ መጥታለች፤ እስከ ዓርብ ይመለሳል፤ ቤተሰብ የሚፈርምበት ቦታም አለው። ሌሊቱን ሁሉ መጽሐፍ ታቅፋ የምታድር ልጅ አቋርጣለሁ ስትል ፊቷን ማየት ከበደኝ። አላትምም አልኳት። ቅጹ ሳጥኔ ውስጥ ነው፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ልመናም አይደለም። ጣቴን ከዕቅዳችሁ ላይ አንሡልኝ፤ እኔ መገኘቴን እንጂ መስማማቴን አላተምኩም። ከእነዚያ ስድስት ክፍሎችም አንዱን ከፍታችሁ እስከ ዓርብ ለልጅቱ አልጋ ስጡልኝ። እንግዳው ከመጣ እኔ ጋ ላኩት፤ ገብስ ቆሎ አለ፣ መደብም አለ፣ ከአምስት ኪሎ ሜትርም አይርቅም።

በቀለም ነክራችሁ ላከበራችሁት ጣት ውለታችሁን እያሰብኩ፣ ሳላውቀው ደጋፊዎ ሆኜ የከረምኩ አክባሪዎ፣

ኢታና ጅሬኛ
ከእንጦጦ ጋራ፣ የካ

ግልባጭ፦
በጥቅምቱ ስብሰባ ለተገኙ የማኅበረሰብ ተወካዮች በሙሉ፤ ምን እንደደገፉ እንዲያውቁት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቅዳሜ አዲሱ በር ሲከፈት በሽማግሌነት እንድመርቅ የላካችሁት ጥሪ ደርሶኛል፤ እመጣለሁ። እስከ ዓርብ ድረስ አልጋ ካልተገኘ ጵርስቅላም አብራኝ ትመጣለች፤ ፍራሿን የምሸከመው እኔ ነኝ። በሩ ሁለት አውቶቡስ ጎን ለጎን ያሳልፋል ብላችሁናልና አንድ ፍራሽ አይከብደውም። ከቅስቱ ሥር አነጥፍላትና፣ እሷ ጋደም ስትል ማይክሮፎኑን ተቀብዬ ምርቃቴን እጀምራለሁ። ፍራሹ ከትናንት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል።