ወደ ሞቃት ባሕር ዳርቻ የታሸጉ ካፖርቶች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት 3 ሰዓት።

ሃያ ሦስተኛው ካርቶን ታሸገ። ጋራዡ ሞልቷል፤ ልጄ መኪናዋን ውጭ ታሳድራለች። ሱናሚ ለመታቸው ሰዎች የእድራችን ሴቶች ያዋጡት ልብስ ነው። ሁሉንም ራሴ ተኮስኩ። ቁልፍ የጎደለውን ተከልኩ። ቆሻሻ ያመጣችውን ከነፌስታሏ መለስኳት። ትቀየም። ደሴ ት/ቤት የስፌት መምህራችን ጠማማ ስፌት ካየች እስከ መጨረሻው ታስፈታን ነበር።

ወ/ሮ ዘይነባ ከኮሎምበስ አጠገብ ካለችው ከፒከሪንግተን መጣች። እሷ የእድሩ ሊቀ መንበር፣ እኔ ጸሐፊ። የሟች ባሏን ጋቢ ይዛ። ከወሎ በተላከለት ሳምንት ሞተ፤ አንድ ቀን እንኳ አልለበሰውም። ለበረደው ሰው ይድረስልኝ አለች። ፊቷን አዙራ ነው ያቀበለችኝ።

የልጅ ልጄ ሐያት ሱናሚው የመታው ደሴት ላይ ናት፤ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ትሠራለች። አልነገርኳትም። ምን ይነገራል? ለቅሶ ቤት ምን ላምጣ ተብሎ አይጠየቅም። ተይዞ ይኬዳል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። ጠዋት።

ሐያት በቪዲዮ ደወለች። ነገርኳት። እሷም፦ «እማማ፣ ፕሊዝ እንዳትልኪው።»

ተቆጣሁ። አልተከራከረችም። ስልኳን ይዛ ወደ ወደቡ ሄደችና አሳየችኝ። ከቤት የሚበልጥ የልብስ ክምር። የሱፍ ኮት፣ ባለ ተረከዝ ጫማ፣ የሙሽራ ቀሚስ። ዝናብ መቶት ሻግቷል። ሸራና መድኃኒት ማመላለስ የነበረበት መኪና እሱን ሲያነሳ ይውላል። ሐያት ላቧ ይንጠባጠባል። በዚያ ሙቀት! እኔ ደግሞ እዚህ የካፖርት ቁልፍ ስተክል ከረምኩ።

ያው ቀን፣ ከቀትር በኋላ።

ንዴቴ በረደልኝ። ሐያት ያሳየችኝንና የነገረችኝን ልጻፍልህ፣ ደብተሬ።

የሐያት ድርጅት ሰዎች መጀመሪያ ንጹሕ ውኃና መጠለያ አቀረቡ። ቀጥሎ ሰዉን ቁጭ አድርገው ጠየቁ። ሴቶቹን ለብቻ፣ ወንድ ፊት እንደ ልባቸው ስለማይናገሩ። የቤት ፕላን ተነድፎ አልቆ ነበር። ሴቶቹ እምቢ አሉ፦ ዓሣ ማድረቂያ ቆጣችን ይቅደም፣ እኛ ሸራ ሥር እናድራለን፤ ዓሣው ካልደረቀ ምን እንሸጣለን? ድርጅቱ ዕቅዱን ጥሎ እንደገና ጀመረ! አርባ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ዓሣ ሻጭ እምቢ ስላለች ዕቅዱን የጣለ መ/ቤት አላየሁም።

ሱናሚው የሰባበረውን ጀልባ የሚሠሩት የመንደሩ አናጢዎች ናቸው። ድርጅቱ እንጨትና ሚስማር ያቀርባል፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ይፈትሻል፣ የላላውን ያስፈታል። ወደድኳቸው። እንዲህ ያለ ሰው አሁንም አለ ለካ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8።

ልጄ መላ አመጣች። ልብሱን እዚሁ ኮሎምበስ ለተቸገሩ እንስጥ፣ ሴቶቹ ባሕር ተሻገረ ብለው ይመኑ፤ ማን ያውቃል አለች። እኔ አውቃለሁ አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ዘይነባ ደውላ መቼ እንደሚጫን ጠየቀች። ወረቀቱ አላለቀም አልኳት። ዋሸሁ። በሰባ ስምንት ዓመቴ። ልጄ ላይ ከደነፋሁ ሁለት ሰዓት አልሞላም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ቀን 7 ሰዓት።

ጠዋት ልጄን ፒከሪንግተን አድርሺኝ አልኳት። ጋቢውን ከካርቶኑ አውጥቼ ይዣለሁ። ዘይነባ በሩን ስትከፍት እቅፌን አየች። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ክምሩን፣ ሙቀቱን፣ የትናንቱንም ውሸት።

«አንቺ?» አለች። «ቃለ ጉባኤ ላይ ለአንዲት ነጥብ ስታስለቅሺን የኖርሽው ሴትዮ?» ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። ጋቢውን ተቀብላ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው፤ አልገለጠችውም። ውሸቴን ይቅር ማለቷን አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳት።

ዓይኗን ጠርጋ፣ የደሴቱ ሴቶች ታዲያ ምን ጎደላቸው አለችኝ። አላውቅም አልኩ።

«ጠይቂያ! ምን ትገትሪኛለሽ?»

አብረን ለሐያት ደወልን። የሴቶቹን ተጠሪ አመጣችልን፤ አጭር፣ ቀጥ ያለች ሴት። ሐያት አስተረጎመችልን። ለቆጡ የሚነጠፍ የሽቦ ወንፊት ብቻ ቀርቷቸዋል። እኛ ገንዘብ ካዋጣን እዚያው አጠገባቸው ካለው ከተማ ይገዛል፤ ከዚህ የሚጫን ነገር የለም። ሴትዮዋ ጨመረች፦ ወፍራሙን ሽቦ፣ ቀጭኑን ጨው ይበላዋል። ደግማ አስጠነቀቀችን። እንዲህ ነው ሰው!

ስብሰባው 9 ሰዓት ነው። ወስኛለሁ። ሁሉም ፊት ቆሜ እናገራለሁ፤ ስህተቱ የጸሐፊዋ እንጂ የእድሩ እንዳልሆነ በስሜ ይመዘገባል። ካርቶኖቹ ለየባለቤቶቻቸው ይመለሳሉ። እዚህ ለሚበርደው መስጠት የምትፈልግ ራሷ ትወስን። ከሥራዬ ቢያነሱኝ ይገባኛል። ካላነሱኝ ደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመራል። ረቂቁ ይኸው፦

አንቀጽ 12። እድሩ ለተጎዳ ሰው ማንኛውንም ነገር ከመላኩ በፊት ተጎጂውን ምን እንደሚያስፈልገው ይጠይቃል።