ብቻዬን የዘፈንኩበት እሁድ

ይድረስ ለእህትም ለእናትም ለሆንሽኝ ለእትዬ ብርቄ፤ ጁባ።

እትዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? የጁባ ሙቀት እንዴት እያደረገሽ ነው? ምግብ ቤትሽ፣ ሠራተኞችሽ፣ ጎረቤቶችሽ ሁሉ ደህና ናቸው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። አሰላም እንደምታውቂያት ናት፤ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ካፊያ። ጭላሎ ደመናውን እንደተከናነበ ይኸው ሳምንት አለፈው። ይህን ሁሉ ሰላምታ የደረደርኩት ለወጉ ያህል እንዳይመስልሽ። ስለ ሰላምታ ኋላ የምነግርሽ ጉድ አለኝ።

በወረቀት መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። በአንድ አውራ ጣት ቴሌግራም ላይ የሚነካካ ነገር ሆኖ አላገኘሁትም። ስልክ ደግሞ፣ እሱንም እደርስበታለሁ። እዚያው ጁባ የሚሠራው ሚፍታ ቤተሰቡን ሊጠይቅ መጥቶ ነበር፣ ነገ ወደ ጁባ ስለሚመለስ እጁ ላይ አስይዤዋለሁ። ነገሩ ከሆነ ሦስት ቀኑ ነው። ፊደሌ ቢጣመም ከድንጋጤ ነው ብለሽ እለፊኝ።

እሁድ ዕለት ኮንሰርት ገባሁ። አዎ፣ የሮክ ኮንሰርት! እዚሁ አሰላ! «አምስተኛ ማርሽ» የሚባለው የአዲስ አበባ ባንድ መጣልን። አልበማቸው ከወጣ አራት ዓመቱ ነው፤ በጎሚስታ ቤቴ ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳጫወትኩት እኔና ጎማዎቹ ነን የምናውቀው። ማስታወቂያው የመብራት ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ያየሁ ቀን የሰው መኪና በክሪክ አንጠልጥዬ ትኬት ልገዛ ሮጥኩ። የትኬቴ ቁጥር አንድ ነው፤ አንድ! ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ታዲያ ምን ይጠበስ?

ለነገሩ ይህን በሽታ ያስያዝሽኝ አንቺ ነሽ። በመጀመሪያ ደሞዝሽ ቴፕ የገዛሽልኝ ጊዜ ገና አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ወደ ሮቤ የሚሄድ የጭነት መኪና ሹፌር ረስቶት የሄደውን ካሴት ስከትበት «ይሄን ሰውዬ ማን ረግጦት ነው እንዲህ የሚያስጮኸው?» ብለሽ ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ። በሳምንቱ ግን ልብስ እያጠብሽ ራስሽን ስትነቀንቂ ያዝኩሽ። አንድ ቀን አብረን ሄደን በዓይናችን እናያቸዋለን ተባብለን ነበር። አንቺ ጁባ ገባሽ፣ እኔም ጎማ ውስጥ ቀረሁ። እስከዚህ እሁድ ድረስ አንድም ቀን ባንድ ፊት ቆሜ አላውቅም።

ያን አንቺ የላክሽልኝን ጥቁር የቆዳ ጃኬት ከሻንጣ አወጣሁት። ሆዴ ላይ አልዘጋ አለ፤ ይሁና፣ ሮክ በተከፈተ ጃኬት ነው አልኩ። ባለቤቴ ሶረቲ ከቤተ ክርስቲያኗ ስትመለስ በር ላይ አገኘችኝና «ማል ታቴ? ምን ሆነሃል ሰውዬ?» ብላ ግንባሬን ዳሰሰች። ልጄ ሮሐ ግን አልሳቀችም። ከጥር ወር ጀምሮ አኩርፋኛለች። ሻይ ታቀርብልኛለች፣ ፊቴን አታየኝም። ምን እንዳስቀየምኳት እግዚአብሔር ያውቃል ብዬ ትቼው ነበር። «አባትሽን እዚያ ግርግር ውስጥ ብቻውን አትልቀቂው» ብላ እናቷ በግድ ከእኔ ጋር ላከቻት።

ኮንሰርቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ነበር። ከዴራና ከአርቦዬ ሳይቀር ሚኒባስ ሞልተው የመጡ ነበሩ። እኔ ሰዉን በክርኔ እየገፋሁ ሆዴ ከመድረኩ እስኪጋጠም ድረስ ወደፊት ሄድኩ። ሮሐ ከኋላዬ ጃኬቴን ይዛ ተከተለችኝ፤ እያፈረችብኝ እንደሆነ ጀርባዬ ነግሮኛል።

እትዬ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ! ድራሙ መጀመሪያ የተመታ ጊዜ ጎማ የፈነዳ መስሎኝ ቁጢጥ አልኩ። ቤዝ ጊታሩ ሲገባማ በእምብርቴ ነው የገባው። በእግሬ ገባ፣ በጥርሴ ገባ! ሁለት እጄን የመድረኩ ሳንቃ ላይ ብዘረጋ ሳንቃው የሚተነፍስ ነገር ይመስላል። ዕንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ እያለ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጎማ ስለጥፍ! ዘለልኩ እትዬ። ይህ ሆድ ዘለለ። አንዷ ወጣት ትከሻዬን ይዛ አብራኝ ስትዘል ምን በወጣኝ ላፍር?

አራተኛው ዘፈን፣ ስለ ሹፌር የተዘፈነው፣ ያ የምወደው ነው። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በቃሌ አውቀዋለሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ መዳፌን ሳንቃው ላይ ተከልኩ፣ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አወጣሁት። የድራሙ ምት ከእጄ ሥር ዱም ዱም ይላል፣ እኔ እዘፍናለሁ። አንዱን ስንኝ ጨረስኩ፣ አዝማቹን ደገምኩ፣ ሁለተኛውን ጀመርኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ዓይኔን ገለጥኩ። ዘፋኙ ማይኩን ወደ ታች አድርጎ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ብሎ ያየኛል። አፉ ግጥም ብሏል። ጊታር ተጫዋቾቹ እጃቸውን አጣጥፈዋል። ዞር ስል ያ ሁሉ ሕዝብ እኔን ያያል፤ ግማሹ ስልኩን ደቅኖብኛል። ለካ መብራት ሄዶ ኖሯል! ስፒከሩ ጭጭ፣ ጊታሩ ጭጭ፣ ማይኩ ጭጭ። መብራት የማይፈልገው ድራሙ ብቻ ነበር፤ መቺው እጁን ሳያቆም ቀጥሏል። ያን ሁሉ ጊዜ ብቻዬን በባዶ ግቢ ውስጥ እንዳለ ሰው ስጮህ ነበር። ክው አልኩ።

ሮሐን ፈለግኳት። እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። አንድ ነገር አለችኝ። እንደ ልማዴ «አዎ፣ በጣም ጥሩ ነው!» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ዞራ ከኋላዬ ጠፋች። ሄደች ብዬ ስጠብቅ ተመልሳ ፊቴ መጣች፤ ጉንጯ ሁሉ ዕንባ ነው። ኋላ እንደነገረችኝ ከጀርባዬ ቆማ ሦስት ጊዜ «አባዬ!» ብላ ጠርታኛለች፤ ሦስተኛውን በጩኸት። እኔ ንቅንቅ አላልኩም።

እንግዲህ ልናዘዝልሽ ነው፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እትዬ፣ ጆሮዬ አይሰማም።

ሁለት ዓመት ተኩል ሆነው። የአንድ የጭነት መኪና ጎማ ስነፋ ፈነዳ፤ የቸርኬው ቀለበት በጆሮ ግንዴ አጠገብ አልፎ ግድግዳው ውስጥ ተሰካ። እኔን ጭረት እንኳ አልነካኝም፣ እልል ተባለ። ጆሮዬ ግን አንድ ሳምንት ጮኸ፤ ጩኸቱ ሲተወኝ ግራው አብሮት ሄደ። ቀኙም ቀስ እያለ ተከተለው። ለማንም አልተናገርኩም። ጎሚስታ ንፋስ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ በጆሮው የሚፈልግ ሰው ነው፤ ደነቆረ ከተባልኩ ማን መኪናውን ያምነኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም አፈርኩ፤ ምኑን እንዳፈርኩ ዛሬ ብትጠይቂኝ አላውቀውም።

የሸሸገኝ ሮኩ ነው። ስፒከሩን እስከ ጣራው ከፍቼ እውላለሁ፤ ሰው ጠርቶኝ ባልዞር «ኧረ ይሄ ጩኸት!» ይላል እንጂ እኔን አይጠረጥርም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ቱሳ በቀን ሦስት ጊዜ እየመጣ ቀንስ ብሎ ይጨቃጨቀኛል፤ እኔ እስቃለሁ። የማዳምጠውስ እጄን ስፒከሩ ላይ አስቀምጬ ነበር። የሶረቲን ደግሞ ከአፏ ለምጄዋለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያየሁት አፍ ነው።

ስልክ ላይ ግን አፍ የለም። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። የእኛን ሰላምታ ታውቂው የለ? ማለቂያ የለውም፣ ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው። ስልኩ ሲንቀጠቀጥ አነሳና «እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ? በጣም ደህና ነሽ? እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሶረቲ ደህና፣ ሮሐ ደህና» እላለሁ። ትንሽ ዝም እላለሁ። «አዎ፣ አዎ» እላለሁ። ደግሞ ዝም እላለሁ። መጨረሻ ላይ «እሰይ! በጣም ጥሩ ነው! በርቺ!» ብዬ እዘጋዋለሁ። ይህን ያህል ጊዜ አንድም ሰው አልነቃብኝም። እንዲያውም መርሻ ስልክ ላይ ጨዋታ አዋቂ ነው ይባል ነበር! ምን ዓይነት ኑሮ ነው ስንኖር የነበረው እትዬ?

ወደ እሁድ ልመልስሽ። መሮጥ አማረኝ፤ ሕዝቡ አላሳለፈኝም። ዘፋኙ በጣቱ ቀጥል፣ ቀጥል አለኝ። ዙሪያዬን ሳይ ሰዉ ሁሉ ያጨበጭባል፣ አፋቸው የእኔን ዘፈን ይላል። ቀጠልኩ እንጂ ምን አደርጋለሁ! መብራት ሲመጣ ሳንቃው እጄ ላይ ዘለለ፣ በዚያ ነው ያወቅኩት። ሮሐ ክንዴን ይዛ እስከ መጨረሻው አልለቀቀችኝም።

ቤት ገብተን ትኬቴን ከኪሴ አወጣችና ጀርባው ላይ «አባዬ፣ አትሰማም?» ብላ ጻፈች። ራሴን ነቀነቅኩ። ከሸክም የተገላገልኩ መሰለኝ። እሷ ግን አልጨረሰችም። «አክስቴ ጥቅምት ላይ ስትደውል ምን እንዳለችህ ታውቃለህ?» ብላ ጻፈች። አላውቅም አልኩ። ከዚያ ይህን ጻፈች፦ «ጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቶ በማግስቱ ካምፓላ ቀዶ ሕክምና ልትገባ ነበር። ፈርቻለሁ ወንድሜ አለችህ። አንተ እሰይ፣ በጣም ጥሩ ነው፣ በርቺ ብለህ ዘጋህባት።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያን ቀን አስታውሰዋለሁ እኮ! ስልኩ ላይ ደቂቃው ሲቆጥር እያየሁ ዛሬ ወሬዋ በዛ ብዬ ነበር። ለካ እያለቀስሽ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያች ደቂቃ ውስጥ በሆዴ የምለው ምን እንደነበር ልንገርሽ? «ዛሬም አመለጥኩ» ነበር የምለው።

ከዚያ ወዲህ አለመደወልሽን ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ስልክ የለም፣ ጭንቅ የለም። አንቺ ግን ለአንድ ወንድምሽ ነግረሽ «እሰይ» ተብለሽ፣ ከቤተሰብ ማንም ሳይኖርሽ ተኝተሽ ተነሳሽ። በጥር ለሮሐ ስትነግሪያት እንኳ ለእኔ እንዳታነሳው አስምለሻታል አሉ። ልጅቷ ያን ይዛ ነው አምስት ወር ፊቴን ያላየችው። እናታችን የሞተች ጊዜ አንቀልባ ላይ ያደረግሽኝ ሴት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅር በይኝ እትዬ። ጆሮዬ ነው ብዬ አላመካኝም፤ መደንቆር ኃጢአት አይደለም፣ ሰማሁ ብዬ መዋሸቴ ነው እዚህ ያደረሰን።

ሶረቲ አለመስማቴን ስታውቅ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ተናደደች። እስከ ዛሬ የነገረችኝን ሁሉ እንደ አዲስ ልትነግረኝ ሁለት ደብተር ገዝታለች፤ አንደኛው ሊያልቅ ነው። ሰኞ ከሮሐ ጋር ሐኪም ቤት ሄድን። ግራው በቃው፣ ቀኙን መሣሪያ ይረዳው ይሆናል ተባልኩ፤ ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ቀጠሮ አለኝ። ሐኪሙ ሌላም ነገር አለ፤ ሮሐ አልጻፈችልኝም፣ ከንፈሩን ሳየው ግን ገባኝ። ከእንግዲህ ኮንሰርት የለም። እሺ አልኩት። ከሰዓት በኋላ ቱሳ ወሬውን ሰምቶ ሱቄ መጣ። ሊጨቃጨቀኝ ነው ብዬ የድምፁን ቁልፍ ልቀንስ ስል እጄን ያዘኝና የራሱን መዳፍ ስፒከሩ ላይ አስቀመጠ። ብዙ ቆየና ራሱን ነቅንቆ ወደ ልብስ ስፌት መኪናው ተመለሰ።

ሶረቲ በጣም ሰላም ትልሻለች፤ እሷም ደብተሯን ላስገባልሽ ብላ ነበር፣ ከለከልኳት። አማቴ ጋሽ ዳባ ጉልበታቸው ቢደክምም ደህና ናቸው፤ ጸሎታቸው ላይ ስምሽን በየቀኑ ያነሳሉ፤ እኔ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ለካ እሳቸውም ከሮሐ ሰምተዋል። ሮሐ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ከእሁድ ወዲህ ፊቴን ታየኛለች፣ እንዲያውም አላይሽ አለኝ ብላ አገጬን ይዛ ታዞረኛለች። ቱሳም ሰላም በልልኝ ብሎሻል።

ትኬቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬልሻለሁ። ቁጥር አንድ ነው፣ እንዳይጠፋብሽ። ከጀርባው፣ ከሮሐ ጽሕፈት ሥር፣ ሦስት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ተርፏል። እዚያ ላይ ጽፈሽ በሚፍታ መልሺልኝ። አሁን እንደገና ልጠይቅሽ ነው፤ እንዴት ነሽ? ቁስሉ ሽሯል? ከማደንዘዣው ስትነቂ አጠገብሽ ማን ነበር? ዛሬስ ትፈሪያለሽ ወይ? እኔ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። መልስሽን ሳላነብ እሰይ አልልም።

ወንድምሽ መርሻ
አሰላ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.