ሲምሲምን ያጠብሁ ሰሞን

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15፣ ጧት

ዛሬም ዝናብ። በረንዳው ሥር ውሃ ገብቷል። የማሽኑን እግር ድንጋይ ላይ አውጥተን ነው የምንሰፋ። የጨርቅ ጥንቸሏን ጨረስሁ። አንዱ ጆሮዋ ካሮጌ ብርድ ልብስ፣ ዓይኗ ከካፖርት ቁልፍ። ልጅቷ ተቀብላ ሳመቻት። እናትዮዋ አለቀሰች። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። እዚህ አገር ዘንድሮ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ታውቂያለሽ ደብተሬ፣ ይሄን ሥራ ፈልጌ አልያዝሁትም። ጦርነቱ ነው ያመጣብኝ። ከካርቱም፣ ከመደኒ፣ ከሲንጃ የሸሸው ሰው እዚህ ገዳሪፍ ት/ቤት ለት/ቤት ሰፈረ። ልብሱን ጥሎ አሻንጉሊቱን አቅፎ የመጣ ልጅ ስንት አለ መሰለሽ። ላንዷ ልጅ ሰፋሁላት፤ ወሬው ወጣ። አሁን ሱሪ የሚያሳጥር ቀርቶ ዝሆንና ድብ ነው የሚመጣልኝ። ጎረቤት ያሉት ወንዶች ሰፊዎች ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ለተብርሃን አረፈደች። ከካምፑ የሚመጣውን መኪና ጭቃ ይዞት። የሁመራ ልጅ ናት፤ ካንድ ማሽን እየተፈራረቅን ነው የምንሠራ። መጣች፣ ተቀመጠች፣ መርፌ አነሣች፣ ቃል አልተነፈሰችም። እንዲህ ያለ ቀን አላት። ተውኋት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ሐጃ ሱዓድ የሚባሉ ሴትዮ መጡ። የሲንጃ ሰው። ረጅም፣ ከሲታ፤ ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉበት ቶብ ከመታጠብ ብዛት ሳስቷል። የልጅ ልጃቸውን ሪምን በእጃቸው ይዘዋል። ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሪም ደግሞ ድብ ይዛለች፣ ባንድ እጁ፣ መሬት ለመሬት እየጎተተች።

የድቡ ስም ሲምሲም። ሰሊጥ ማለት ነው፤ ከቀለሙ ነው ያወጡለት። አሁን ግን ቀለም የሚባል ነገር የለውም። አንድ ጆሮ የለ። ሆዱ ተቀዷል። ጭቃ፣ ላብ፣ ጭስ። ጠረኑ ከሩቅ ይመታል። ሐጃዋ ሆዱ ብቻ ይሰፋልኝ አሉ። ጆሮም ከተገኘ እሰየው።

ልጅቷ አልሰጥም አለች። ተንበረከክሁና በዓረብኛዬ አባበልኋት። አዲስ አድርጌ ነው የምሰጥሽ አልሁ። ድቡን አጥብቃ ያዘችው። በመጨረሻ ሐጃዋ ጣቶቿን አንድ ባንድ አላቀቁላት። እኔ ልጅ አልወለድሁም። የልጅን ነገር የማውቀው በስፌት በኩል ነው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ፀሐይ! ካገኘሁ አይቀር ብዬ ሲምሲምን ፈታሁት። የጀርባውን ስፌት ተርትሬ ሆድቃውን አወጣሁ። ግራጫ፣ የተቋጠረ ጥጥ፤ ለመንካት ይቀፋል። የራክሻ፣ የባጃጅ፣ ወንበር የምንሞላበት ጆንያ አለ፣ እዚያ ከተትሁት። ቆዳውን በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፌ ውሃው እስኪጠራ አሸሁት። ከእድፉ ሥር የሰሊጥ ቀለም ብቅ ሲል ደስ አለኝ። ስንት ጊዜዬ ደስ ካለኝ።

ከሰዓት ደረቀ። ፋው ከሚባለው የጥጥ አገር የመጣ አዲስ ጥጥ ሞላሁት። ጆሮ ሠራሁለት፤ ከወዲያኛው ጆሮ አይለይም። ጠጉሩን በጥርስ ብሩሽ አበጠርሁት። ለተብርሃን አየችና ሙሽራ መሰለ አለች። ሳቅን። እሷ ስትስቅ ፊቷ ሌላ ሰው ነው የሚሆን።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ደብተሬ፣ ምን አባቴ አደረግሁ።

መጡ። ሪም እጃቸውን አስለቅቃ ሮጠች። ተቀበለችኝና አፍንጫዋን ሆዱ ውስጥ ቀበረች። ቆየች። ቀና አለችና እንደገና። ከዚያ አንገቱን፣ ከዚያ ጀርባውን። ከዚያ ማሽኑ ላይ አስቀመጠችው። አልወረወረችውም፤ እንደ ሰው ዕቃ በጥንቃቄ ነው ያስቀመጠችው።

«ዳ ማ ሐጊ» አለች። ይሄ የኔ አይደለም።

ሐጃዋ የቀረውን የድሮ ጆሮ አሳዩዋት፣ ዓይኑን አሳዩዋት። ጮኸች። ገበያው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ጮኸች። ሲምሲም የት አለ፣ ሲምሲምን አምጪው ትለኛለች እኔን።

ለተብርሃን ይዛት ሄደች፣ ቴምር ልትገዛላት። ሐጃ ሱዓድ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። ድምጣቸውን ከፍ ሳያደርጉ ነገሩኝ። የሪም እናት፣ የሳቸው ልጅ፣ ከሲንጃ ሲወጡ መንገድ ላይ ታማ ሞተች። ትራስ አልነበረም። እስክታርፍ ድረስ ራሷን ሲምሲም ላይ አድርጋ ነው የተኛችው። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ አፍንጫዋን እዚያ ካላደረገች እንቅልፍ አይወስዳት።

«አንቺ በምን ታውቂ» አሉኝ። «አይታጠብ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ቆሻሻ ስለነበረ አፈርሁ።»

ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። ድቡን ትተውት ሄዱ።

 ከናቷ የቀራትን በሳሙና አጥቤ ገመድ ላይ ያሰጣሁት እኔ ነኝ። ያውም ደስ እያለኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

 የሰው ሱሪ ገልብጬ ሰፍቼ ፈታሁት። ሲምሲም ከፊቴ ተቀምጧል፣ ንጹሕ ሆኖ።

ቀትር ላይ ለተብርሃን ድንገት ተናገረች። «እትዬ ጥሩ፣ ቆዳው ነው የታጠበ። ጥጡ መች ታጠበ?»

ብድግ አልሁ። ጆንያውን ገለበጥነው። ባዶ ነው፤ ሥሩ ላይ ትንሽ ስፖንጅ ብቻ። ቅዳሜ ማታ የአደምን የራክሻ ወንበር ሞልተንበታል። ለተብርሃን ራሷ ናት የሰፋችው። እንግዲህ ሰው ተቀምጦበት ገዳሪፍን እየዞረ ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

አደምን ሰሊጥ ገበያው በር ላይ አገኘሁት። ወንበርህን ስጠኝ አልሁት። ሳቀ። ሐበሾች አብዳችኋል አለ። ነገሩን ነገርሁት። ሳቁን አቆመ። ሰው አስወርዶ ወንበሩን ራሱ ነቀለና ሰጠኝ። ካርቶን አንጥፎ ሄደ።

በረንዳ ላይ ፈታነው። ቢጫ ስፖንጅ፣ ጨርቅ፣ ክር፣ በመሐሉ ግራጫ ጥጥ። እየለቀምን ለየን። ባንዳንዱ እርግጠኛ ነኝ፤ ባንዳንዱ አይደለሁም። አሸተትሁት። ቤንዚን። ላብ። የራሰ ጆንያ። ሌላም ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ይጠፋብኛል። ያችን ሴት በሕይወቷ አይቻት አላውቅም። የማላውቀውን ሰው ጠረን ነው ቁጭ ብዬ የምፈልገው።

ለተብርሃን ከመሐል ተናገረች፤ ሳላስባት። የወንድሟን ሸሚዝ ከሁመራ ይዛ ወጥታ ካምፕ ውስጥ ታቅፋው ስትተኛ ኖራ፣ አንድ ቀን ዝናብ አገኘውና ጠረኑን ወሰደው። አለቀ። ወደ ለቀማዋ ተመለሰች። እኔም።

የፋውን ጥጥ አወጣሁ። ግራጫውን መለስሁ። ሲምሲም ከሳ፣ ጎበጠ። እንደዚያው ሰፋሁት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

እነሐጃ ሱዓድ የሰፈሩበት ት/ቤት ሄድሁ። የነሱ ጥግ ላይ የሌላ ሰው ምንጣፍ።  ጎናቸው የነበረች ሴት ነገረችኝ። ሐጃዋን ትኩሳት ጣላቸው፤ ልጃቸው ዑስማን ከከሰላ መጥቶ ትናንት ሁለቱንም ወሰደ። ሐጃን በሸክም ነው ያወጧቸው። ዑስማን ከሰላ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ጎማ ይጠግናል። ሪምስ አልኋት። አትናገርም አለች።

ከሰላ እሄዳለሁ ብላት ለተብርሃን አትሄጂም ባይ ናት። ወረቀቴ ለገዳሪፍ ነው። ከከተማ መውጫ ተስሪህ፣ የይለፍ ወረቀት፣ የለኝም። ባለፈው ሰሞን ከሻ፣ የስደተኛ አፈሳው፣ መጥቶ ሁለት የኛን ሴቶች ከዚያው የከሰላ አውቶቡስ አውርዷል፤ የት እንዳደረሷቸው እስካሁን አልተሰማም። ሰው ለሰው ይታሰራል፣ ለድብ? አለችኝ።

 ከቁረይሻ ሰሊጥ አጨዳ ወጥቼ ይሄን ማሽን እስክይዝ ያየሁትን አውቃለሁ። ከተያዝሁ ሁሉም ይሄዳል።

ቅዳሜ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26፣ አውቶቡስ ላይ

መንገዱ እየናጠኝ ነው የምጽፍ። ፊደሌን እይው።

ፍተሻው ላይ ሁሉንም አስወረዱን። ወታደሩ ልጅ እግር ነው። ሲምሲምን ከቦርሳዬ አወጣው። ሰው ወርቁን አሻንጉሊት ሆድ ውስጥ ሰፍቶ ነው የሚያሳልፍ ዘንድሮ። ጨመቀው። ቋጠሮ አገኘ። ካራውን መዘዘ። ወርቅ የለውም አልሁት። ታዲያ ምን አለው አለ። ምን ልበለው? ጥጥ ነው አልሁ።

ካንገት እስከ እግሩ ሰነጠቀው። ጣቱን ከቶ በረበረ። ትንሽ ጥጥ ጭቃው ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ለቀምሁ። ከዚያ ተስሪህ አለኝ።

አጠገቤ ተቀምጣ የመጣች ትልቅ ሴት አለች፤ ሻይ ሻጭ ትመስላለች፤ ስሟን አላውቅም። ጣልቃ ገባች። ልጄን ልድር ነው፣ ይቺ ኸያጣዬ ናት፣ ልብስ ልታሰፋልኝ ይዣት ነው አለች። ኸያጣ ሰፊ ማለት ነው። ደረቷን ነፍታ ነው የምትናገር። ወታደሩ ድቡን አየ፣ እኔን አየ፣ ሂዱ አለ።

አውቶቡሱ ሲነሣ ላመሰግናት ዞርሁ። ትኩር ብላ አየችኝና መርፌ ይዘሻል? አለች። ይዣለሁ። እንግዲያ ስፊው፣ እንዲህ ሆኖ ለልጅ አይሰጥም።

እየተንገጫገጭሁ ሰፋሁት። እንዲህ የወላገደ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም።

እሑድ፣ ሐምሌ 27፣ ከሰላ

ዑስማንን ማግኘት አልቸገረኝም። ቤቱ ደጃፍ ድንኳን ተተክሏል። አየሁትና ገባኝ። ሐጃ ሱዓድ ዓርብ ዐርፈዋል። ዛሬ ለቅሶ ላይ ነው የደረስሁት።

ሴቶቹ መሐል አስቀመጡኝ። ማን እንደሆንሁ የጠየቀኝ የለም። ሪም ግድግዳው ሥር ነበረች፣ ከሰው ርቃ፣ ጉልበቷን አቅፋ። ሄጄ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ሲምሲምን አውጥቼ በሁለታችን መሐል አስቀመጥሁት። አልሰጠኋትም። ፈራሁ።

ሪም ጠጋ አለች። ስፌቱን በጣቷ ነካች፣ የወላገደውን። ከዚያ አንሥታ አሸተተችው። ደጋግማ። ፊቷን ጠበቅሁ፤ እንደ ፍርድ።

«ቤንዚን» አለች።

ሳቄ አመለጠኝ። ለቅሶ ቤት ውስጥ! ወዲያው ደግሞ እንባዬ። አፌን በነጠላዬ አፈንሁት። ሴቶቹ ለሐጃዋ የማለቅስ መስሏቸው ጀርባዬን ደባበሱኝ። ለሳቸውም ነበር።

ሪም አልሳቀችም። ድቡንም አልመለሰችም። መሬት ላይ አጋደመችውና ራሷን ጣል አደረገችበት። ዓይኗ ግን እንደተከፈተ ነው። የናቷን ነገር አግኝታበት ይሁን ደክሟት፣ እኔ እንጃ። መቼም አላውቀውም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 30

ሦስት ቀን አደርሁ። መሄድ ነበረብኝ። ዑስማን ደግ ሰው ነው፤ ጧት ወጥቶ ጎማ ሥር ውሎ ይመጣል። ሚስቱ ፋጡማ እርጉዝ ናት፣ ልጆቿ ብዙ፣ ቤቱ ጠባብ። አትከፋም። ግን ይቺ ሐበሺያ መቼ ነው የምትሄድ የሚል ነገር ካይኗ አነባለሁ። አልፈርድባትም። የልጆቹን ልብስ ጠጋግኜ ጨረስሁ። ዓይኗ ትንሽ ለዘበ።

ሪም ቀን ቀን አጠገቤ ናት። አታወራኝም። ክር ስቆርጥ ጫፉን ትይዝልኛለች። የአጎቷ ልጆች ሲምሲምን ይሸታል ብለው ሸሽተውታል። እሷን ደስ ያላት ይመስለኛል፤ የሚሻማት የለም።

እናቷን ትጠይቃለች ወይ ብዬ ዑስማንን ጠየቅሁት። ትመጣለች ብለናታል አለኝ። አያቷንስ? እሷም ትመጣለች ብለናታል። ልጅቷ ግን ሁለቱንም ታውቃለች። ሁሉም ሰው እንደምታውቅ ያውቃል።

ነገ ጧት አውቶቡስ አለ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1

ማለዳ ተነሥቼ ቦርሳዬን አዘጋጀሁ። ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ክብደቱ ተለወጠብኝ። ከፈትሁት። ሲምሲም ልብሴ መሐል ተኝቷል፣ እስካንገቱ ተሸፍኖ። ሪም በር ላይ ቆማለች፣ ጫማዋን አድርጋለች።

ውሰጂው ማለቷ ነው? ውሰጂኝ ማለቷ ነው? አልጠየቅሁም። የሚመጣውን መልስ መሸከም አልችልም። የሰው ልጅ ይዤ የት እሄዳለሁ፣ በየትኛው ወረቀት? ራሴን በሰው ውሸት ነው ያሳለፍሁ።

ወጥቼ ዑስማንን አነጋገርሁ። ጎማ እያላቀቀ ሰማኝ። የናቱ አርባ እስኪወጣ ሁኚ አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እናያለን። ፋጡማን ጠየቃት። ፋጡማ ሆዷን ይዛ ቆመች፣ ሪምን አየቻት፣ ጫማዋን አየች። ማእድ ቤት በኩል ያለውን ጥግ ልጥረግልሽ አለችኝ።

ለለተብርሃን ደወልሁ። መስመሩ ይቆራረጣል። ማሽኑን ያዢው አልኋት። እስከ መቼ አለች። አላውቅም አልሁ። የበረንዳውን ቦታ ሌላ ሰው ይይዝብናል አለች። እሱም ልክ ነው። ስልኩን ወደ ጆሮዬ አጠበቅሁት። የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ፣ እንግዲያው ዛሬ ዘይት ላድርግለት፣ ሲንቋቋ ሰንብቷል አለች፤ ድምጿ ግን…

ሪም ቦርሳውን እየጎተተች ወደ ውስጥ እየመለሰችው ነው። ልሂድ ላግዛት።