«ባለበት ሁኔታ» ለተሸጠልኝ ነጭ መኪና የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ስቴንካምፕ
የተጎዱ መኪናዎች ጨረታ ቤት ሥራ አስኪያጅ
ፒተርማሪትዝበርግ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነትን፣ በተለይም የማይሰበር አከርካሪንና በቦታው የሚቆይ አንገትን እመኛለሁ። ራስዎ የሚሸጧቸውን መኪናዎች እንደማይነዱ ስለማውቅ ምኞቴ እንደሚሠምር አልጠራጠርም።

ስሜ ባሊንዲሌ ሾዚ ይባላል፤ ኤደንዴል ውስጥ ሥጋ ቤት አለኝ። በእኔ ሙያ የቀይ ላም ግማሽ ከጥቁር ላም ግማሽ ጋር ሰፍቼ አንድ ላም ነው ብዬ ብሸጥ፣ ደንበኞቼ በገዛ መጥረቢያዬ ይከታትፉኝ ነበር። በእርስዎ ሙያ ግን ይህ የተፈቀደ መሆኑን ስላስተማሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አቤቱታዬንም እንደ ወጉ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለታናሽ ወንድሜ ለሳንዲሶ፣ ገበያተኛ እናቶችን እያመላለሰ እንጀራውን እንዲበላበት ብዬ፣ አንድ ነጭ መኪና ከጨረታዎ ገዛሁ። ሊብሬው ላይ «ተጎድቶ የተጠገነ» የሚል ማኅተም ነበረበት፤ ማስታወቂያውም የግራ መብራቱ ብቻ እንደተሰበረ ይገልጻል። ጤነኛ መኪና እናንተ ግቢ እንደማይገባ የማላውቅ ሞኝ አይደለሁም። «ባለበት ሁኔታ» የሚለውንም አንብቤ ፈርሜያለሁ። ያላነበብኩት፣ እናንተም ያልጻፋችሁት፣ ውስጡ ማን እንዳለ ነው።

ሁለተኛ፣ በአንድ እሑድ ጠዋት ድሎሞ የሚባሉ ሽማግሌ የቁርቁራ ቅርንጫፍ ይዘው፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን አስከትለው በራችን ላይ ቆሙ። እዚሁ ተወልደው ያደጉ ሰው ነዎትና፣ ሰው በድንገት ሲሞትብን የሞተበት ቦታ ድረስ ሄደን ነፍሱን በዚያ ቅርንጫፍ ጠርተን ወደ ቤቱ እንደምንወስድ ያውቃሉ።

«የኔ ልጅ፣ ዘኒሌን ልንወስድ መጥተን ነው» አሉኝ።

«አባባ፣ ቤት ተሳስተዋል። እዚህ ዘኒሌ የምትባል የለችም።»

«አለች። መኪናው ውስጥ ናት። የኋላው መስታወት ላይ የለጠፈችውን የቤተ ክርስቲያን ምልክት እኔ ነኝ የገዛሁላት።»

ሌባ ያስመረረው ወንድሜ፣ ሽማግሌው የኋላውን በር ሲከፍቱ አይቶ መኪናውን ሊነጥቁት የመጡ መሰለው። የጎማ መፍቻውን ይዞ ወጣና ክንዳቸውን መታቸው። አጥንቱ ሲሰበር ማብራሪያ አላስፈለገኝም፤ ድምፁን ከሥራዬ አውቀዋለሁ። ልጆቻቸው ዘለው ተከመሩበት። አንዷ ጆሮውን ነከሰችው፣ ሌላዋ ድንጋይ አንሥታ ቅንድቡን ፈነከተችው፤ ግቢዬ የበዓል ዋዜማ ቄራ መሰለ። በመጥረቢያዬ ጀርባ እያዳፋሁ አላቀቅኳቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሽማግሌው በደህናው እጃቸው ቅርንጫፉን ወደ ላይ ይዘው ነበር፤ መሬት አላስነኩትም።

ከዚያ ክንዳቸው እንደተንጠለጠለ ወደ ኋላው ወንበር ጎንበስ አሉና፣ «ዘኒሌ፣ ተነሺ እንሂድ። እናትሽ እየጠበቀችሽ ነው» አሉ። ወንድሜ ፊቱን የሚያገባበት አጣ። ከቅንድቡ የሚወርደውን ደም በእጅጌው እየጠረገ ይቅርታ ሲጠይቃቸው የመለሱለትን ቃል በቃል ልጻፍልዎ፦

«እኔን ተወኝ፣ አንተ ልጅ። ልጄ ስትሞት ይህ መኪና ፊት አልነበረውም። ከመሪው ወዲያ ያለው ሁሉ ከባድ መኪና ሥር ገብቶ ተፈጭቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ፊት ከየት አመጣችሁለት?»

ሦስተኛ፣ በማግስቱ ስልክ ደወልኩ። እርስዎ ራስዎ ማንሣትዎ ትልቅ ክብር ነው፤ ምላሽዎም አጭርና ግልጽ ነበር። «እመቤቴ፣ ሐዘን ሰውን ያዞራል። ሽማግሌው መኪና ተምታቶባቸው ነው። ሊብሬው ላይ ማኅተም አለ አይደል? ይንዱት!» አሉኝ። ሳንዲሶ አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር። በሁለት ክር የተሰፋ ቅንድቡን ወደ ላይ አንሥቶ ሳቀብኝና፣ «እትዬ፣ አንቺ እኮ ስለ ላም እንጂ ስለ መኪና የምታውቂው የለም። ባለቤቱ ንዱት ካለ ንዱት ነው» ብሎ ቁልፉን ከእጄ ነጠቀኝ። አመነዎት። እኔም አመንኩዎት። የማልምረው ይህንን ነው።

አራተኛ፣ ዝናብ በጣለ ቀን፣ ከሂልተን ቁልቁል ሲወርድ፣ ፊቱ ያለው አውቶቡስ በድንገት ቆመ። ሳንዲሶ ፍሬን ያዘ። ፍሬኑ ሠርቷል፤ እውነቱን መደበቅ አልፈልግም። ያልቆመው የመኪናው የኋላ ግማሽ ነው። መኪናው ከስቱኮውና ከቀለሙ ሥር፣ የሁለት መኪና ግማሾች በተጋጠሙበት የብየዳ መስመር ላይ ለሁለት ተቀደደ፤ የኋላው ግማሽ ተሽከርክሮ የፊቱን ግማሽ ከጀርባው ወጋው፣ ወንድሜም መካከል ላይ ነበር። የመሪው ዘንግ በደረቱ ገብቶ ከወንበሩ ጋር ሰፋው። ኤርባግ ሊኖርበት ከሚገባው ቦታ የወጣው የተጠቀለለ የጋራዥ ፎጣ ነው። ድንጋይ መጠቅጠቅ ሲችሉ ለስላሳ ነገር ስለመረጡለት ውለታዎን አልረሳም። አስከሬኑን የለየሁት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሥጋ ስቆርጥ ኖሬ፣ እንደዚያ ያለ አቆራረጥ አይቼ አላውቅም። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን ጮህኩ።

አምስተኛውን ሳቀርብ ትንሽ አፍራለሁ። ጎታች መኪናው ስብርባሪውን ደሙ ሳይደርቅ እናንተ ግቢ ስላስገባው፣ አጎቴና እኔ በተራችን ቅርንጫፍ ይዘን መጣን። በር ላይ ያለው ዘበኛዎ በጣም ሥርዓት ያለው ሰው ነው።

«እናቴ፣ ያልተመዘገበ ተጫራች አይገባም» አለኝ። «ጉዳይሽ ምንድን ነው?»

«ወንድሜን ልወስድ ነው።»

«የስንት ቁጥር ዕቃ ነው?»

ገፍቼው ልግባ ስል ፊቴ ላይ የሚያቃጥል ነገር ነፋብኝ፤ ባልደረባው አጎቴን መሬት ላይ ጥሎ ጎኑን በጫማ ረገጠው። ዓይኔ ባያይም የሰውየው ፊት የት እንዳለ አላጣሁትም። አፍንጫውን በግንባሬ ስለሰበርኩት ይቅርታዬን እያቀረብኩ፣ ሠራተኛዎን ባለበት ሁኔታ እንዲረከቡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በመጨረሻ ማስያዣውን ከፍዬ፣ የተጫራች ካርድ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ገባሁ። ያሳዩኝ የኋላውን ግማሽ ብቻ ነው። የፊቱ ከጀርባ ወዳለው ጋራዣችሁ ገብቷል ተባልኩ። ወንድሜን ከግማሽ መኪና ጠርቼ፣ እንባዬንና ንፍጤን እየዋጥኩ፣ ቅርንጫፉን የያዘ ሰው እንደሚገባው በመንገድ ከማንም ጋር ሳልነጋገር ቤት አደረስኩት።

ስድስተኛ፣ የዚህን ሳምንት የጨረታ ማስታወቂያ አየሁ። መኪናው አለ! ቅዳሜ ይሸጣል። «የፊት ክፍሉ ቀላል ጉዳት ያለበት፣ ተጠግኖ ለመንገድ የሚበቃ» ይላል። ለዘኒሌ ያልበቃው፣ ለሳንዲሶ ያልበቃው፣ አሁን ደግሞ ለማን ልጅ እንደሚበቃ ቢነግሩን፣ ወላጆቹ ቅርንጫፋቸውን አስቀድመው ቆርጠው ይዘጋጁ ነበር።

ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ካሣም አይደለም። ያ መኪና ከጨረታው ወጥቶ ከነሊብሬው ይጨፍለቅ። ይህ ለክቡርነትዎ የሚያስቸግር ከሆነ ግን ድካሙን እኛ እንጋራዎታለን። የተጫራች ካርዴ እስከ ቅዳሜ ያገለግላል። የድሎሞ ሴቶች ልጆችም ካርድ አውጥተዋል፤ አንዷ እንዴት እንደምትነክስ፣ ሌላዋ እንዴት እንደምትወረውር ወንድሜ ምስክር ነበር። እኔ የላም ግንባር የማፈርስበትን መዶሻ ይዤ እመጣለሁ። በገዢዎችዎ ፊት ከኮፈኑ ጀምረን፣ ሻንሲው ለብየዳ የሚሆን አንድ ስንዝር ቀጥ ያለ ብረት እስከማይቀረው ድረስ እንሠራበታለን። ለፖሊስ ቀድመው መደወል ይችላሉ፤ ሲመጡ የምጠይቃቸው ስላለኝ ቢፈጥኑ ደስ ይለኛል። መዶሻው መኪናውን ብቻ እንዲመታ አጥብቄ እጸልያለሁ፤ እርስዎም በዚያች ሰዓት ከመኪናው ራቅ ብለው በመቆም ጸሎቴን ቢያግዙልኝ መልካም ነው።

ትዕግሥትዎን ስለተሻማሁ እጅ እየነሣሁ፣ ጨረታዎ የደመቀ፣ ቅዳሜዎ የማይረሳ እንዲሆን የምመኝ፣

ሕጋዊ ተጫራችዎና የሳንዲሶ ታላቅ እህት
ባሊንዲሌ ሾዚ
ኤደንዴል

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በማስታወቂያው ሦስተኛ ፎቶ ላይ፣ ከፍሬኑ ፔዳል ሥር አንድ ቡናማ ጫማ ይታያል። የሳንዲሶ የቀኝ እግር ጫማ ነው። አስከሬኑን ሲያስረክቡን ከቀኝ ቁርጭምጭሚቱ በታች ያለው መንገድ ላይ ሳይቀር አይቀርም ብለውን፣ እንደዚያው ቀብረነዋል። ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት፤ መጥቼ እወስደዋለሁ። ባዶ ጫማ ከመሰለዎት አንሥተው ክብደቱን ይዩት።